ከጠመንጃ አፈሙዝ ወደ ኪስ ሰንጢ፡ የማይዝገውን ብረት ለቢላ ያጨው የሸፊልዱ ሰው

ከአዲስ አበባው መርካቶ እስከ ናይሮቢው ጊኮምባ ገበያ ድረስ፣ ሰንጢ ሊገዛ የቆመ ሰው ከስለቱ ሥር በደቃቅ ፊደላት የተቀረጸ አንድ ቃል ማየቱ አይቀርም። ስቴንለስ ይላል። ሻጩም ቃሉን በጣቱ እያሳየ ዋጋውን ከፍ ያደርጋል።

ቃሉ የሚናገረው ግን ግማሹን ብቻ ነው። ብረቱ እንደማይዝግ ይመሰክራል እንጂ ስለቱ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ሲዶለዱምም በምን እንደሚሳል አይናገርም። ዝገትን መቋቋምና ስለትን መያዝ በአንድ ብረት ውስጥ ሲጓተቱ የኖሩ ሁለት ጠባዮች ናቸው።

ይህ ጉተታ ገና ከጅምሩ የገጠመውና ስሙ ከማይዝገው ብረት ጋር አብሮ የሚነሳው ሰው፣ በ12 ዓመቱ ከትምህርት ቤት የወጣ የእንግሊዛዊ ብረት አቅላጭ ልጅ ነበር። ሃሪ ብሪርሊ ይባላል።

ከምድር ቤት እስከ ቤተ ሙከራ

ብሪርሊ በአውሮፓውያኑ 1871 በሰሜን እንግሊዝ በምትገኘው የሸፊልድ ከተማ ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሸፊልድ በዚያ ዘመን ስለ ቢላና መቀስ ሲነሳ ስሟ ቀድሞ የሚጠራ ከተማ ነበረች። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቤንጃሚን ሀንትስማን የተባለ ሰዓት ሠሪ ብረትን በሸክላ ማቅለጫ አቅልጦ ንጹሕ አረብ ብረት የማውጣትን ጥበብ በዚያ አካባቢ ካስጀመረ ወዲህ፣ ወንዞቿ የሞረዳ መንኮራኩር ሲያዞሩ፣ ሰማይዋም በከሰል ጢስ ሲጠቁር ኖሯል።

ከዚህ ሁሉ ሀብት የብሪርሊ ቤተሰብ ድርሻ ጢሱ ነበር። ልጆቹ ብዙ፣ ቤቱ ጠባብ ነው። አባትየው ጆን ቶማስ ፈርዝ ኤንድ ሰንስ በተባለው ፋብሪካ አቅላጭ ነበር። የአቅላጮች ሥራ ጉልበትንም ዓይንንም ይጠይቃል። እግራቸውን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ከምድጃው አፍ ላይ ይቆሙና እንደ ፀሐይ የሚያንጸባርቀውን የሸክላ ማቅለጫ በረጅም መቆንጠጫ ያወጡታል። ብረቱ መድረስ አለመድረሱን የሚነግራቸው መሣሪያ የለም። የሚፈርዱት በቀለሙና በአረፋው ነው። ትንሹ ሃሪ ይህን እያየ አደገ። በኋላ ብዙ ዲግሪ ካላቸው ሰዎች ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥም ለአቅላጩ ዓይን የነበረው አክብሮት አልቀነሰም።

ከትምህርት ቤት እንደወጣ ጥቂት የማይረቡ ሥራዎችን ሞካከረ። ለአጭር ጊዜም በአባቱ ፋብሪካ ከምድጃው ሥር ባለው ምድር ቤት አመድ ጠራጊ ሆነ። ቀጥሎ የተገኘለት ሥራ ከዚያ የተሻለ አይመስልም ነበር፤ በፋብሪካው የኬሚስትሪ ክፍል ጠርሙስ አጣቢነት። ዕድሉ የተከፈተው ግን እዚያ ነው። የክፍሉ ኃላፊ ጄምስ ቴይለር ልጁ ጠርሙሱን ብቻ ሳይሆን በውስጡ የሚሆነውንም እንደሚያይ አስተዋለ። ሒሳብ እንዲማር ገፋፋው፤ የማታ ትምህርት ቤትም ገባ። ብሪርሊ ዩኒቨርሲቲ ሳይረግጥ፣ በአረብ ብረት ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ንጥረ ነገር መዝኖ የሚያወጣ ባለሙያ ሆነ። በ1902 ከአንድ የሥራ ባልደረባው ጋር ስለ ብረት ፋብሪካ ግብዓቶች ምርመራ መጽሐፍ አሳተመ። ያን ጊዜ ዕድሜው 31 ነበር።

በ1904 ፈርዝ በሩሲያ ግዛት፣ በዛሬዋ ላትቪያ ሪጋ ከተማ ወደነበረው ፋብሪካው ላከው። በኬሚስትነት ሄዶ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ እስከ መሆን ደረሰ። የ1905ቱ አብዮት የመጣው እሱ እዚያው ሳለ ነው። ወደ ሸፊልድ ሲመለስ ፈርዝና ጎረቤቱ ጆን ብራውን በጋራ ያቋቋሙትን የምርምር ቤተ ሙከራ እንዲመራ በ1908 ተሾመ። ሲቀጠር በተፈራረመው ውል ላይ ከቤተ ሙከራው ለሚወጡ ግኝቶች የሠራተኛውንና የድርጅቱን ድርሻ የሚመለከት አንቀጽ ነበረበት። ያ አንቀጽ በኋላ የጠብ ምክንያት ሆነ።

አሲድ ያልበላው ብረት

በ1912 ወደ ቤተ ሙከራው የመጣው ጥያቄ ስለ ቢላ አልነበረም። የጦር መሣሪያ ሠሪዎች የጠመንጃ አፈሙዝ ከውስጥ እየተበላ ቶሎ እንደሚበላሽባቸው ተናገሩ። ባሩዱ ሲነድ የሚወጣው የጋለ ጋዝ ብረቱን እየላሰ ይወስደዋል። ብሪርሊ ክሮሚየም ቢጨመርበት ሙቀቱን ይቋቋም ይሆናል ብሎ መጠኑን እየለዋወጠ ሞከረ። ኦገስት 13 ቀን 1913 በኤሌክትሪክ ምድጃ የቀለጠው ብረት 12.8 በመቶ ክሮሚየምና 0.24 በመቶ ካርቦን ነበረው።

በሕዝብ ዘንድ የሚወራው ታሪክ ብሪርሊ በፋብሪካው ግቢ ሲዘዋወር ከዛገ የብረት ክምር መካከል አንድ የሚያበራ ቁራጭ አየ ይላል። ለጆሮ ይጥማል፤ ነገሩ የሆነው ግን በሥራ ጠረጴዛ ላይ ነው። የብረትን ውስጠኛ አቀማመጥ በማይክሮስኮፕ ለማየት፣ የተወለወለው ገጽ አስቀድሞ በናይትሪክ አሲድ መጠነኛ መበላት አለበት። ይህኛው ብረት አልበላ አለ። ሌላው ኬሚስት አሲዱን ያጠነክርና ሥራውን ይቀጥል ነበር። ብሪርሊ ግን የናይትሪክ አሲዱን ትቶ አቼቶና የሎሚ ጭማቂ አመጣ።

ለምን አቼቶና ሎሚ? መልሱ የሸፊልድ ልጅነቱ ነው። በዚያ ዘመን ቢላ ሁሉ የሚሠራው ከካርቦን አረብ ብረት ነበር። ሎሚ ሲቆረጥበት ይጠቁራል፣ ሳይደርቅ ካደረ ይዝጋል። ባለጸጎች ለፍራፍሬና ለዓሣ የብር ቢላ ይገዛሉ። ሌላው ቤት ደግሞ ከእያንዳንዱ ማዕድ በኋላ አንድ ሰው ተቀምጦ ቢላውን በሻካራ ዱቄት ይፈትጋል። ብሪርሊ ለጠመንጃ የታሰበው ብረት ይህን ፍትጊያ እንደሚያስቀር ታየው።

ምስጢሩ ዛሬ በሚገባ ይታወቃል። በብረቱ ውስጥ ያለው ክሮሚየም ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑ ሲፋቅ ወዲያው ራሱን መልሶ ይተካል። ለዚህ ቢያንስ ከመቶው 10.5 ያህል ክሮሚየም ያስፈልጋል። ማዕድኑ በብዛት የሚወጣው ከእኛው አህጉር ነው፤ ደቡብ አፍሪካ የዓለም ቀዳሚ አምራች ስትሆን፣ ዚምባብዌም ሆነች የሱዳን ኢንገሰና ኮረብቶች የታወቀ ክምችት አላቸው።

በፍትሕ ለመናገር ብሪርሊ በዚህ መንገድ ብቻውን አልነበረም። ፈረንሳዊው ፒየር ቤርቲየ በ1821 ክሮሚየም የገባበት ብረት አሲድን እንደሚቋቋም አስተውሎ ለቢላ ሊሆን እንደሚችል አስቦ ነበር። በጀርመን የክሩፕ ኩባንያ ተመራማሪዎች በ1912 ክሮሚየምና ኒኬል ያለበትን ሌላ የማይዝግ ብረት በፓተንት አስመዝግበዋል። አሜሪካዊው ኤልዉድ ሄይንስም በራሱ መንገድ ወደዚያው ተጠግቶ ነበር። ብሪርሊን ከእነዚህ የሚለየው ብረቱን ይዞ ወደ ቢላ ሠሪ ደጃፍ መሄዱ ነው።

የማይቆርጥ ቢላ

የፈርዝ አለቆች ለነገሩ ግድ አልነበራቸውም። ብሪርሊ ናሙናውን ለሁለት የሸፊልድ ቢላ ሠሪዎች አስላከ። የመጣው መልስ አሳፋሪ ነበር፤ ብረቱ ለቢላ አይሆንም፣ አይጠነክርም፣ ስለት አይወጣለትም የሚል። በከተማውም የማይቆርጥ ቢላ ፈልሳፊ የሚል የፌዝ ስም ወጣለት።

ፌዘኞቹ አልዋሹም። በእጃቸው ያለው ቢላ በእርግጥ አይቆርጥም ነበር። ስህተቱ ከእሳቱ ላይ ነው። ቢላ ሠሪ የካርቦን ብረትን እንደ ቀይ ፍሬ እስኪቀላ፣ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ድረስ ያግለውና በውኃ ወይም በዘይት ያጠልቀዋል፤ ያን ጊዜ ይጠነክራል። ከአያቱ የወረሰው ዕውቀት ይህ ነው። በክሮሚየሙ ብረት ውስጥ ግን ካርቦኑ ከክሮሚየሙ ጋር ተቆራኝቶ ካርባይድ የተባለ ደቃቅ ቅንጣት ሆኖ ይቀመጣል። ቅንጣቱ ሟሙቶ ካርቦኑ ወደ ብረቱ ካልገባ ጥንካሬ የለም። ለዚህ ደግሞ ወደ 1,000 ዲግሪ የተጠጋ ሙቀት ያስፈልጋል። በአንጻሩ ለቅጥቀጣ ግሎ እንዲያው አየር ላይ ሲቀመጥ ይደድርና ሞረድና መሰርሰሪያ ይሰብራል። ባለሙያው በለመደው እሳት ሲሞክረው፣ መልፋት ሲገባው የሚደድር፣ መጠንከር ሲገባው የሚለሰልስ እንግዳ ፍጡር ሆነበት።

በ1914 ብሪርሊ ኧርነስት ስቱዋርት ከተባለ ሰው ጋር ተገናኘ። ስቱዋርት ፖርትላንድ ወርክስ በተባለው ሕንጻ ውስጥ የሚሠራው የሞዝሊ ቢላ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ነበር። መጀመሪያ አላመነም። ቁራጩን በአቼቶ ሞክሮ ምንም ሳይሆን ሲያገኘው ግን ሐሳቡን ቀየረ። ብሪርሊ ብረቱን ዝገት አልባ ይለው ነበር፤ እድፍ አልባ የሚል ትርጉም ያለውን ስቴንለስ የሚለውን ቃል የሰጠው ስቱዋርት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች የፋብሪካውን መሣሪያዎች አበላሹ። በሦስተኛው ጊዜ ብሪርሊ ራሱ ከእሳቱ አጠገብ ቆሞ ሙቀቱን ሲቆጣጠር፣ የሚቆርጥም የማይዝግም ቢላ ወጣ።

እዚህ ላይ ማሰብ የሚገባው የአባቱን ሙያ ነው። ብሪርሊ ብረቱን በኬሚስትነቱ አገኘው፤ ቢላ ያደረገው ግን እሳት ማየት የሚያውቅ የአቅላጭ ልጅ ስለነበረ ይመስለኛል።

የማን ግኝት ነው?

ቢላው መሸጥ ሲጀምር ግድ ያልነበራቸው አለቆች ግድ ኖራቸው። ብሪርሊ በውሉ መሠረት ከግኝቱ ድርሻ አለኝ አለ። ፈርዝ የለህም አለ። በብሪታንያ ፓተንት ሳይወጣ ጊዜው አለፈ። ብሪርሊም የቤተ ሙከራ ኃላፊነቱን ትቶ በ1915 ብራውን ቤይሊስ ወደተባለ ሌላ የሸፊልድ ብረት ፋብሪካ ተዛወረ። ከጠርሙስ አጣቢነት ጀምሮ ያሳደገውን ድርጅት ሲለቅ ገና 44 ዓመቱ ነበር።

ከዚያ ጆን ማዶክስ የተባለ አንድ አዛውንት ፓተንቱን በአሜሪካ እንሞክረው የሚል ሐሳብ ይዞለት መጣ። የመጀመሪያው ማመልከቻ ተቀባይነት አጣ። እንደገና ተሻሽሎ ቀርቦ በሴፕቴምበር 1916 ጸደቀ። ፓተንቱ ከ9 እስከ 16 በመቶ ክሮሚየምና ከ0.7 በመቶ ያነሰ ካርቦን ያለውን ጠንካራ ብረት ይሸፍናል። ፈርዝ ያን ጊዜ ለድርድር ተቀመጠ። በ1917 የሁለቱንም ስም የያዘ ሲንዲኬት ተመሠረተ፤ በቢላዎች ላይም የፈርዝና የብሪርሊ ስም ጎን ለጎን ይታተም ጀመር። በአሜሪካም ከሄይንስ ጋር ከመካሰስ ይልቅ በአንድ ኩባንያ ሥር መግባት ተመረጠ። ገንዘቡ መጣ። ቅሬታው ግን እስከ እርጅናው አብሮት ነበር።

በመካከሉ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሳ። የማይዝገው ብረት ለአውሮፕላን ሞተር ቫልቭ ስለተፈለገ ቢላ መሥራቱ ቆመ። ከጠመንጃ የተነጠቀው ብረት ለጥቂት ዓመታት ወደ ጦር ሜዳ ተመለሰ ማለት ነው።

ከሰላም በኋላ ግኝቱ ወደ ኪስ ገባ። በስዊዘርላንድ ኢባክ መንደር ካርል ኤልዘነር የተባለ ቢላ ሠሪ ከ1884 ጀምሮ አውደ ጥናት ከፍቶ፣ በ1897 ደግሞ የታወቀውን የመኮንኖች ሰንጢ በስሙ አስመዝግቦ ነበር። ድርጅቱ በእናቱ በቪክቶሪያ ስም ይጠራ ነበር። በ1921 የማይዝገውን ብረት ሲቀበል፣ ኢኖክስ የሚለው የፈረንሳይኛ ምሕጻር በስሙ ላይ ተቀጥሎ ቪክቶሪኖክስ ሆነ።

ዛሬ በኪስ ውስጥ ያለው

የብሪርሊ የ1913 ብረት ዛሬ በሰንጢ መልክ ቢቀርብ ገዢ አያገኝም። 0.24 በመቶ ካርቦን ለስለት አይበቃም። ካርቦኑን መጨመር ቀላል ነው፤ ነገር ግን የተጨመረው ካርቦን ክሮሚየሙን ወደ ካርባይድ ይጎትተዋል። ተጎትቶ የታሰረ ክሮሚየም ደግሞ ዝገትን አይከላከልም። ከእሱ በኋላ የመጣ የሰንጢ ብረት ሁሉ ይህን ሒሳብ ለማስታረቅ የተደረገ ሙከራ ነው።

ስዊዞቹ መካከለኛውን መረጡ፤ ግማሽ በመቶ ያህል ካርቦንና 15 በመቶ ክሮሚየም። በሮክዌል መለኪያ ጥንካሬው 56 አካባቢ ነው። ስለቱ ቶሎ ይደክማል፣ በተራ ድንጋይ ጥቂት ሲሳል ግን ይመለሳል፤ ዝገትም አያውቀውም። ሎሚ፣ ሽንኩርትና ሥጋ ለሚቆርጥ፣ የመሳያ ድንጋይም ከደጅ ለማይጠፋው ሰው ከዚህ የተሻለ ምርጫ አለ ብዬ አላምንም። 440ሲ የተባለው አሜሪካዊ ብረት አንድ በመቶ ያህል ካርቦንና 17 በመቶ ያህል ክሮሚየም ይዞ ወደ 58 እና 60 ይወጣል፤ ስለቱ ይቆያል፣ ቅንጣቶቹ ግን ትላልቅ በመሆናቸው እንደ ምላጭ ቀጥኖ የተሳለ ጠርዝ ሊሸራረፍበት ይችላል። በ2001 የመጣው ኤስ30ቪ ብረቱን በዱቄት መልክ አዘጋጅቶ መልሶ በማጣበቅ ቅንጣቶቹን አሳነሳቸው። 1.45 በመቶ ካርቦንና 4 በመቶ ቫናዲየም አለው። ለረጅም ጊዜ ይቆርጣል፤ ሲደንዝ ግን የቫናዲየም ካርባይድ ከተራው የመሳያ ድንጋይ ስለሚጠነክር የአልማዝ መሳያ ይፈልጋል። መሳያው በሌለበት አገር ውድ ሰንጢ የደነዘ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ስዊድኖች በ14ሲ28ኤን የተለየ መላ ዘየዱ። ከካርቦኑ ላይ ሳይጨምሩ 0.11 በመቶ ናይትሮጅን አስገቡ። ናይትሮጅን ያጠነክራል፣ ክሮሚየሙን ግን እንደ ካርቦን አያስርም።

በገበያችን የሚበዙት የቻይና ሰንጢዎች ናቸው። የእነሱ ምልክት ለሚያነበው ሰው ግልጽ ነው። ሲአር የክሮሚየም ምልክት ሲሆን፣ ከፊቱ ያለው ቁጥር ካርቦኑን በአሥረኛ መቶኛ፣ ከኋላው ያለው ክሮሚየሙን በመቶኛ ይነግራል። 3ሲአር13 ማለት 0.3 በመቶ ካርቦን ነው፤ ለብሪርሊ ብረት የቅርብ ዘመድ። 8ሲአር13ኤምኦቪ ደግሞ 0.8 በመቶ ካርቦን አለው፣ ስለቱም ከመጀመሪያው በእጅጉ ይሻላል። ስቴንለስ ከሚለው ቃል በቀር ምንም ያልተጻፈበት ከሆነ አነስተኛውን መጠበቅ ነው።

በምጽዋ፣ በጅቡቲ ወይም በሞምባሳ ለሚኖር አንባቢ አንድ ነገር መታከል አለበት። ጨው ያንን የማይታይ ሽፋን ይበሳል። የባሕር ዳር ሰንጢ የማይዝግ የተባለም ቢሆን ታጥቦ ካልደረቀ ነጠብጣብ ያወጣል። በሌላ በኩል አንጥረኞቻችን ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ የሚቀጠቅጡት ቢላ ክሮሚየሙ እዚህ ግባ የማይባል ስለሆነ በሎሚ ይጠቁራል፤ በስለቱና ለመሳል በመመቸቱ ግን ብዙውን የገበያ ሰንጢ ያስንቃል። ብሪርሊ በልጅነቱ ያየው የሸፊልድ ቢላም ጠባዩ ይኸው ነበር።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

በ1920 የብሪታንያ የብረትና የአረብ ብረት ተቋም የቤሴመርን የወርቅ ሜዳሊያ ሰጠው። በብራውን ቤይሊስ ሥራ መሪ ሆኖ ሠራ፤ በ1925 የድርጅቱ ዳይሬክተር ሆነ። በፈርዝ ቤተ ሙከራ የተካው ዊልያም ሃትፊልድ በበኩሉ ክሮሚየምና ኒኬል የያዘውን ብረት በ1924 ለገበያ አበቃ። ማንኪያና ድስታችን የሚሠራው ከዚያ ዓይነት ነው፤ በሙቀት አይጠነክርምና ለሰንጢ ስለት አይሆንም። የቤት ማግኔት ቢያስጠጉባቸው ሰንጢው ይሳባል፣ ጥሩ ማንኪያ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይሳብም።

ብሪርሊ በእርጅናው መጻፍ አበዛ። በ1933 ስለ ብረት አቅላጮች፣ በ1941 ደግሞ የራሱን ሕይወት ጻፈ። በጽሑፎቹ ደጋግሞ የሚሟገተው በወረቀት ላይ ያለ ቀመር ብቻውን ብረት እንደማያወጣ፣ የአሮጌው ሠራተኛ ዓይንና እጅ ዕውቀት ተብሎ መቆጠር እንዳለበት ነው። የኬሚስትን ሥራ የሚያቃልል ሰው አልነበረም፤ ሁለቱንም ስለኖረበት ነው የሚናገረው። በ1939 ሸፊልድ የከተማዋን የክብር ነጻነት ሰጠችው። በ1941 ከገንዘቡ ከፍሎ እንደ እሱ በድህነት ያደጉ ሰዎች ጉዞ፣ ሙዚቃና ትምህርት እንዲደርሳቸው የሚያግዝ የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋመ።

በጁላይ 1948 በደቡብ እንግሊዝ ባሕር ዳር በምትገኘው ቶርኪ በ77 ዓመቱ አረፈ።

ግኝቱ መቶ ዓመት በሞላው በ2013 በሸፊልድ መሐል ከተማ በአንድ ሕንጻ ግድግዳ ላይ ትልቅ ምስሉ ተሳለ። በዚያው ዓመት ስቱዋርት ብረቱን በአቼቶ የፈተነበት ፖርትላንድ ወርክስ ወደ መኖሪያ ቤትነት ሊቀየር ከነበረበት ተርፎ፣ አክሲዮን ያዋጡ ነዋሪዎችና ባለሙያዎች ገዙት። በውስጡ ባሉት ጠባብ ክፍሎች ዛሬም ቢላ ይሠራል።